ወንድሜ «አቁሜያለሁ» ነበር ያለው

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከጉምሩኩ መኪና ማቆሚያ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ጦርነት ከገባ ወዲህ ሰፈሩ እንደ ድሮው አይደለም። የጭነት መኪናው አንድ ቀን ይደረደራል፣ ሌላ ቀን ባዶ ሜዳ ይሆናል። ከገላባት የሚመጣውም ሰው ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ነው የሚገባው። እኔ የምሠራው ሰሊጥ መጋዘን ነው፣ ሚዛን ላይ። እሑድ እሑድ ግን ከዚያች አግዳሚ ላይ ሆኜ መንገዱን ማየት እወዳለሁ። አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ማንዴ! የኔ ተማሪ! ኧረ ሸብተሃል፤ መምህርህን ልትቀድም ነው እንዴ?»

ዞሬ ሳየው ካሳሁን ነው። የታላቅ ወንድሜ የዘውዱ ጓደኛ ነበር፤ በአንድ ግቢ አብሮን ኖሯል፤ እንግሊዝኛም ያስተማረኝ እሱ ነው። ድሮ ቀጭን ነበር፣ ሱሪው በቀበቶ ነው የሚያዘው። አሁን ሞልቷል፣ መነጽር አድርጓል። ጎንደር ላይ ትራንዚተር ሆኖ ይሠራል፤ የደንበኛው መኪና ተይዞበት ሊያስለቅቅ ነው የመጣው። ብድግ ብዬ «ኧረ እርስዎ! እንዴት ከረሙ?» አልኩት። አስተማሪዬ ስለሆነ ሁልጊዜም «እርስዎ» ነበር የምለው። ሻይ አዘዝን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮው መወደድ ተባባልን። ከዚያ እኔ ሳልጠይቀው የዘውዱን ነገር አነሣ።

«ዘውዱን ባሰብኩት ቁጥር እኮ ሆዴ ይባባል፤ ነፍሱን ይማረው» አለ። «ግን እኔ ምን ላድርግ? የእርሻው ፈረንጅ ‹አጭሰሃል?› ብሎ ጠየቀ፣ እሱ መለሰ፣ እኔ ተረጎምኩ። ‹ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ›። ይኸው ነው ያልኩት። አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ።»

«ዘውዱ በአማርኛ ምን ነበር ያለው?» አልኩት።

«ያው፣ ‹ሲጋራ ማጨስ አቁሜያለሁ› ነዋ ያለው» አለና ሻዩን አማሰለ።

እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ አልተማርኩም። እንግሊዝኛዬ ከመጋዘኑ ወረቀት አያልፍም። ይህችን አንዷን ነገር ግን አውቃታለሁ። ‹ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ› ቢል ኖሮ «ማጨስ ተወ» ይሆን ነበር። ‹ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ› ሲል ግን «ሊያጨስ ቆመ» ማለት ነው። ወንድሜ «ትቻለሁ» ሲል፣ ፈረንጁ የሰማው «ትራክተሬን አቁሜ ሲጋራዬን ለኮስኩ» የሚል ነው። ዘውዱ ሰሊጥ አቃጣይ ተብሎ ከእርሻ ሥራው የተባረረው በዚህ ነው። እስከዚያች እሑድ ድረስ እኛ ቤት የታመነው «በራሱ አፍ አመነ» የሚለው ብቻ ነበር። በምን ቃል እንዳመነ የነገረን ሰው የለም።

ሰው ይሳሳታል፣ አስተርጓሚም ይሳሳታል። እንዲህ ብዬ ራሴን ላረጋጋ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ልዩነቱን ያስተማረኝ ራሱ ካሳሁን ነዋ። ያስተማረኝም በዘውዱ ስም ነው።

ያን ጊዜ መተማ ዮሐንስ አስፋልት አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል፤ የኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ጫማውን ጭቃው ውስጥ ትቶ ባዶ እግሩን ይወጣና መልሶ በእጁ ይቆፍረዋል። በጋ ደግሞ አቧራው ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ከማዶ የመጣ ሳሙናና ሽቶ በየደጁ ማዳበሪያ ላይ ይዘረጋል፤ ሽቶው ከሩቅ ይሸታል፣ ቀርበው ሲገዙት ግን ውሃ ይሆናል። እጁ ላይ ገንዘብ የገባ ጎረምሳ መርኩብ የምንለውን የሱዳን የቆዳ ጫማ ይገዛል፣ ነጭ ጀለቢያ ያሰፋል፣ ዓርብ ከሰዓት እንደ ማዶ ነጋዴ ለብሶ ይዞራል። ክርስቲያን ሆኖ በዓርብ ለምን እንደሚያጌጥ የሚጠይቀው የለም። ካሴት ቤቱ ከነበረበት ማዕዘን የሱዳን ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይጮኻል። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ልጆቹም ዘፈናቸውን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ብቻቸውን ነው የሚሰሙት። ያኔ ግን ሁላችንም አንድ ዘፈን ነበር የምንሰማው። ቃሉን የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ማንጎራጎሩን ግን ሁሉም ያንጎራጉራል። ዘውዱ አንዱን ዘፈን በራሱ አማርኛ ሞልቶ ስለ ናፍጣ አደረገው። «ናፍጣዬ፣ ናፍጣዬ» እያለ ግቢ ሲገባ እናታችን ከጓዳ ሆና «ሰው የሴት ስም ይጠራል፣ የኔ ልጅ የሞተር ቀለብ ይጠራል!» ትለው ነበር።

ዘውዱ ትራክተር ነጂ ነበር። አባታችን ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ እርሻ ገባ፤ እኔ ግን እንድማር አደረገ። ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ አንድ የውጭ ድርጅት ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ይዞ ነበር፤ ዘውዱ እዚያ ተቀጠረ። ሥራ አስኪያጁን «ፈረንጁ» ነበር የምንለው፤ ስሙን በደንብ የሚጠራው ስላልነበረ። ካሳሁን ደግሞ ከጎንደር ለአስተርጓሚነት መጣ። ኮሌጅ ጀምሮ ያቋረጠ ነው ይባላል። ማደሪያ ሲያጣ ዘውዱ ነው እጁን ይዞ ቤታችን ያመጣው። «ግቢው ሰፊ ነው፣ እማ። ይኼ ደግሞ አይበላም፤ እዪው፣ ሸምበቆ እኮ ነው» አላት። በላ እንጂ። እናቴ እንደ ልጇ አበላችው። ሸሚዙን ታጥብለታለች፣ ኮሌታውን በካውያ ትተኩስለታለች። የእኛን እንዲያ አድርጋ ስትተኩስ አላየሁም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤት መምህራችን፣ በእንግሊዝኛ ጄረንድ የሚባለው በአይ-ኤን-ጂ የሚያልቀው ቃል በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ነው ብለው አስተምረውናል። ስለዚህ ስዊሚንግን «ዋኝቶ»፣ ኢቲንግን «በልቶ» እያልኩ አጠናለሁ። ከግቢያችን የኒም ዛፍ ሥር አንገረብ ነበረ፣ በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ። ካሳሁን እዚያ ላይ ጋደም ብሎ ሲሰማኝ ከሳቁ የተነሣ ሊወድቅ ደረሰ።

«‹አይ ላይክ ስዊሚንግ› ‹ዋኝቶ እወዳለሁ› ነው? ማነው እሱ ዋኝቶ የሚወደው? አዞ ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹መዋኘት እወዳለሁ› በላ! ስም ነው ማንዴ። ሥራውን እንደ ዕቃ አንሥተህ ይህን እወዳለሁ፣ ያን እጠላለሁ የምትልበት። ቦዝ አንቀጽ ለብቻው አይቆምም፤ ‹በልቶ› ካሉህ ‹በልቶ ምን ሆነ?› ብለህ ትጠብቃለህ። ይኼኛው አያስጠብቅህም።»

ጎበዝ ነበር። ይህን አልክድም። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ከሥራ ሲመለስ ምሳሌውን ከእርሻው ይዞልኝ ይመጣል። ሰሊጥ ማጨድ፣ ጆንያ መስፋት፣ ናፍጣ መቅዳት፣ ሁሉንም በአይ-ኤን-ጂ እንድል ያደርገኛል። «ከ‹ኢንጆይ› ቀጥሎ ‹ቱ› ያስገባህ ቀን ራትህን እኔ ነኝ የምበላው» ይለኛል። አንድ ቀን ራቴን ሊበላ የተዘጋጀ ይመስል ሆነ ብሎ ከባዱን አመጣ። ዘውዱ ከአንገረቡ ጫፍ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

«ዘውዱን እየው» አለኝ። «‹ዘውዱ ስቶፕድ ቱ ስሞክ›፤ ዘውዱ ትራክተሩን ዳር አስይዞ ሲጋራውን ለኮሰ። ‹ዘውዱ ስቶፕድ ስሞኪንግ›፤ ዘውዱ ሲጋራን እርም አለ። ትንሿን ቃል ካሳሳትክ ሰውየውን ሌላ ሰው ታደርገዋለህ።»

ዘውዱ ጭሱን ወደ ላይ እየለቀቀ «አንተ የመጀመሪያውን አጥና፤ ሁለተኛው ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሁለተኛው ግን መጣ። ዘውዱ ከሽንፋ አንዲት ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ሲላክ አባቷ «ሲጋራ ለሚያጨስ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ዘውዱ ምንም ሳያቅማማ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዶ ዳግመኛ ላያጨስ ተገዘተ። እናቴ አብራው ሄዳ በዓይኗ አየች፤ ደስታዋን አልረሳውም፣ እየዘለለች ነበር ማለት ይቻላል። እቤት ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ፓኮ አውጥቶ ለካሳሁን ሰጠው። «በል አንተ ጨርስልኝ» አለው። «ለጓደኛ የማይደረግ የለም!» አለና ካሳሁን ተቀበለው። ካሳሁንም ያጨስ ነበር፤ እናቴን ስለሚያፍራት ተደብቆ ነው እንጂ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዘውዱ ራሱ እንደነገረን አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ኅዳር ነበር። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ሂላ ነው የምንለው። ዓይን እስኪታክት ሜዳው ሁሉ ሂላ ነው፣ ደረቅ፣ በዘይት የተሞላ። በዚያ ወቅት እርሻ ውስጥ ሲጋራ መለኮስ ምን ማለት እንደሆነ ቆላ ላይ የማያውቅ የለም። የዚያን ቀን ዘውዱ ተሳቢ ጎትቶ እየሄደ ነበር። ካሳሁን ከጎኑ ተጭኗል፤ ከጎጃም የመጡት አጫጆች ከፈረንጁ ጋር ሲነጋገሩ ሊያስተረጉም። መንገድ ላይ የተሳቢው ፒን ወለቀ። ዘውዱ ትራክተሩን አቆመና ተሳቢው ሥር ገብቶ ፒኑን መምታት ጀመረ። ካሳሁን «ሽንቴን ልሽና» ብሎ ወደ ሂላው ኋላ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ «እሳት!» እያለ ሲሮጥ መጣ። አጫጆቹ በቅጠልም በአፈርም እየመቱ አጠፉት፤ ግን ብዙ ሰሊጥ ተቃጥሎ ነበር።

ዘውዱ ይህን ሲነግረን ካሳሁንን እያመሰገነ ነው። «ካሴ ባይጮህ ኖሮ እኔም ከተሳቢው ሥር ነድጄ ነበር» አለን። ፈረንጁ መጥቶ በካሳሁን በኩል «አጭሰሃል ወይ?» ብሎ እንደጠየቀው፣ እሱም እንደመለሰለት፣ ከዚያ የፈረንጁ ፊት በርበሬ እንደመሰለና ወዲያው ከሥራ እንዳባረረው ነገረን። «ካሴ አስረዳልኝ፤ ፈረንጁ ነው አልሰማ ያለው» አለ። ይህን ነው ያለው ወንድሜ። ካሴ አስረዳልኝ።

በማግሥቱ የሠራተኞቹ አለቃ ለሰው ሁሉ «ዘውዱ በራሱ አፍ አመነ» ብሎ አወራ። ካሳሁን ሥራ በዝቶብኛል ብሎ እርሻው ላይ ማደር ጀመረ። አንድ ቀን ብቻ ለልብሱ መጣ፤ እናቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጠችው። ቀና ብሎ አላያትም። እኛ ስለ ዘውዱ አፍሮ መስሎን ነበር። ከሽንፋ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ጋብቻው ቀርቷል አሉን። ሰሊጥ ላቃጠለ ሰው ትራክተር የሚሰጥ ከሳንጃ እስከ መተማ አልተገኘም። ከሁሉም የባሰው ግን እቤት ያለው ነበር። ግዝቱን አፈረሰ ተባለ፤ እኛም ከሱ ቃል ይልቅ የሰውን ወሬ አመንን። እናቴ ጠላቷን እንኳ እንዲያ አትዘጋም፤ ልጇን ግን ዘጋችው። እኔም ውስጤ ሻከረ። የካደን እሱ ነው ብዬ አስብ ነበር። ብዙ ዓመት እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ፤ ለቅሶውንም ያለቀስኩት በከፊል ልብ ነው።

ሊሄድ ሲነሣ እናቴ ከቤት አልወጣችም። እስከ ድንበሩ ድልድይ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ይለብሰው የነበረውን ነጭ ጀለቢያ በፌስታል ይዞ ነበር። «እንግሊዝኛህን አጥና፤ ካሴን ጠይቀው፣ አይደብቅህም» አለኝ። ወደ ሱዳን ተሻገረና የገዳሪፍ መኪና ያዘ። በቀጣዩ ክረምት እርሻ ላይ ወባ ይሁን ካላዛር ያልታወቀ ትኩሳት ያዘው። አብረውት የሠሩ የወሎ ልጆች ሲመለሱ ነው መርዶውን የሰማነው። የተቀበረበትን አላየነውም።

ይህ ሁሉ ባለፈው እሑድ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪበርድ ድረስ በሐሳቤ አለፈ። ካሳሁን ስለ መኪናው መያዝ እያወራ ነበር። አቋረጥኩት።

«‹ማጨስ አቁሜያለሁ› ካለ፣ ‹ስሞኪንግ› ነው የሚባለው» አልኩት።

ሳቀ። «አይ ማንዴ! እስከ ዛሬ ይህን ትቆጥራለህ? ያን ጊዜ እንግሊዝኛችን ምን ነበርና! የኛ አገር ሰው ሁሉ ‹ቱ› ነው የሚለው።»

«አንተ አትልም።»

አንተ አልኩት። አስቤ አይደለም፤ ወጣ። እሱም ሰምቶታል። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«በዘውዱ ስም ነው ያስተማርከኝ» አልኩት። «ከሂላው ኋላ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሽንቴን ነዋ…» አለና ቆመ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ካሳሁን ባጃጁን በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ በዝቅታ፣ የሚከሰኝ ይመስል፣ «ፓኮውን እኮ የሰጠኝ ራሱ ነው» አለ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። እሱ ግን ቀጠለ፤ ከጀመረ በኋላ ማቆም ያቃተው ይመስላል።

«ቀጥሎ የሚጠየቀው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው አልነበረማ። አፌ ላይ ‹ቱ› መጣ። ፈረንጁ ሲቆጣ ላርመው አሰብኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አሰብኩ። ግን ቀለል አለኝ ማንዴ። በቃ፣ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሣ። ነገ አርመዋለሁ፣ ሰው ሲረጋጋ አርመዋለሁ አልኩ።»

«ነገው መቼ ነው?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ «እማማ አሉ? ሄጄ ጉልበታቸውን ልሳም?» አለኝ።

«አትመጣም። እኔ እነግራታለሁ።»

ያኔ ነው የደነገጠው። እጄን ያዘኝ። «ተው፣ ማንዴ፣ ለእሳቸው ምን ይሠራላቸዋል? አርጅተዋል። ከነገሩ ጋር ተላምደው ኖረዋል። አሁን ብትነግራቸው ሁለተኛ መርዶ ነው የሚሆንባቸው።» እጄን አስለቀቅሁና ተነሣሁ። የሻዩን ሒሳብ ማን እንደከፈለ አላስታውስም።

መንገዱን ሁሉ የሚያስጨንቀኝ፣ ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም። ጄረንድ ምኗ ነው? ደግሞም ካሳሁን ለራሱ ብሎ ይናገረው እንጂ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ። አንዲት ጊዜ መንገዴን ቀይሬ ወደ መጋዘኑ ልሄድ ነበር። ከዚያ ዘውዱ «አይደብቅህም» ያለኝ ትዝ አለኝና ወደ ቤት ገባሁ።

ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማ፣ ዛሬ ካሳሁንን አገኘሁት።»

«የትኛው ካሳሁን? የኛው? ምነው ይዘኸው አትመጣም!»

ነገርኳት። ያሰብኩትን ያህል ከባድ አልነበረም፤ አማርኛው ራሱ ረዳኝ። «ዘውዱ ለፈረንጁ ያለው ‹አቁሜያለሁ› ነው፤ ካሳሁን ግን ‹ሊያጨስ ቆመ› ብሎ ነገረበት። እሳቱ ከካሳሁን ሲጋራ ነው። ግዝቱን አላፈረሰም፣ እማ» አልኳት።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ካሳሁንን ትረግመዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለች።

«ዘውዱ ምን አለ አልከኝ? እስቲ ድገመው።»

«‹ማጨስ አቁሜያለሁ› ነው ያለው።»

ራሷን በቀስታ ነቀነቀች።

«እሱንማ ለኔም ብሎኛል» አለች። «እዚችው ደጅ ላይ ቆሞ፣ እንዲሁ አድርጎ ነው ያለኝ። ለኔና ለሱ አስተርጓሚ መች ነበረን ልጄ? በአማርኛ ነው የነገረኝ።»